መግነጢሳዊ የአንጎል ማነቃቂያ እና ሱስ
በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ያስተዋወቁት መሣሪያ፣ ጭንቅላት ላይ በሚቀመጥ የሽቦ ጥቅል ውስጥ አጭርና ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በማሳለፍ መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥር ሲሆን፣ ይህም መስክ ያለ ቀዶ ሕክምና የራስ ቅልን አልፎ የነርቭ ሕዋሳትን ያነቃቃል።

ሱስ አስያዥ ነገሮች፣ ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነውንና ፍላጎትን የሚቀሰቅሰውን ዶፓሚን ከተፈጥሯዊው መጠን በላይ ያስለቅቃሉ፤ ይህ ሲደጋገም ለዶፓሚን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፣ ራስን ለመግታት የሚረዳው የግንባር አንጎልም ይዳከማል። ስለዚህ ሱሰኛን በፈቃደ ደካማነት ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም።

መግነጢሱ በዋናነት የሚደርሰው ላይኛው የአንጎል ቅርፊት ጋ ቢሆንም፣ በ2001 የታተመ የሞንትሪያል ተመራማሪዎች ጥናት የግራው ግንባር አንጎል ሲነቃቃ፣ በነርቭ በተሳሰረውና ኮዴት በተባለው ጥልቅ ክፍል ዶፓሚን እንደሚለቀቅ አሳይቷል። ጥናቱ በጤናማ ሰዎች ላይ የተደረገ በመሆኑ ግን ብቻውን ሱስን ስለ መፈወስ የሚያረጋግጠው ነገር የለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 በዚህ መሣሪያ የሚሰጠው ሕክምና ሲጋራ ለማቆም እንዲውል የፈቀደው፣ 262 አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት እውነተኛ ማነቃቂያ ካገኙት መካከል ያቆሙት፣ የማስመሰያ ማነቃቂያ ካገኙት በእጥፍ ገደማ በልጠው በመገኘታቸው ነው፤ አብዛኞቹ ግን አላቆሙም። ማነቃቂያው አልፎ አልፎ የሚጥል ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችልም፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ወይም ጭንቅላታቸው ውስጥ ብረት የተተከለላቸው ሰዎች አስቀድመው ለሐኪም ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።