ዘመድ የሌለው ሰው ለማን አቤት ይላል?

ሶማሊያ ያለ መንግሥት የኖረችባቸው ዓመታት የሚነግሩን

ሰው ያለ መንግሥት ደህና ኑሮ መኖር ይችላል ወይ? ፈላስፎች ለዘመናት የተከራከሩበትን ይህን ጥያቄ ጎረቤታችን ሶማሊያ ኖራ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ፕሬዚዳንት ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሽተው ሲወጡ ሚኒስቴሩም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ፖሊሱም፣ ማዕከላዊ ባንኩም አብረው ፈረሱ። ከ2000 ወዲህ የሽግግር መንግሥታት ቢፈራረቁም፣ “የሽግግር” የሚለው ቅጽል የወለቀለት የፌዴራል መንግሥት የቆመው በ2012 ነው።

ለፈረሰው መንግሥት ያለቀሰ ብዙ አልነበረም። በ1988 የሰሜኗን ከተማ ሐርጌሳን በቦምብ ያጋዩት የመንግሥቱ አውሮፕላኖች የተነሡት ከዚያው ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ያመለጠው ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ጅጅጋ አቅራቢያ ሐርቲሼክ ሰፈረ፤ ያ መጠለያ በዘመኑ ከዓለም የስደተኛ ጣቢያዎች ትልቁ እስከ መባል ደርሷል። ስለዚህ የሶማሊያን መንግሥት አልባ ዘመን መመዘን ያለብን በሰላም ከሚኖሩ ባለጸጋ አገሮች ጋር ሳይሆን የገዛ ዜጎቹን ከደበደበ መንግሥት ጋር ነው። ኢኮኖሚስቱ ፒተር ሊሰን በ2007 ባወጣው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። ካያቸው 18 የኑሮ መለኪያዎች መካከል 14ቱ ከመንግሥቱ መፍረስ በኋላ ተሻሽለው እንዳገኛቸው ጽፏል። መደምደሚያው ቢያከራክርም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ነጋዴው ያቆመው ኑሮ

ፈቃድ የሚሰጥም የሚከለክልም በሌለበት፣ ተፎካካሪ የስልክ ኩባንያዎች በየከተማው አንቴና ተከሉ። ወደ ውጭ አገር የመደወያ ዋጋም በአፍሪካ በጣም ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። የግል አየር መንገዶች፣ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ። ባንክ ባይኖርም ሐዋላ ነበር። ጅዳ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ልጅ ገንዘቡን ለወኪሉ ያስረክባል፤ ወኪሉ ሶማሊያ ላለው ባልደረባው ያስተላልፋል፤ እናትየው ጎሣዋንና ንዑስ ጎሣዋን ተጠይቃ፣ የሚያውቃት ሰው መስክሮላት ትቀበላለች። መታወቂያ የሚያወጣ ቀበሌ ባልነበረበት አገር የዘር ሐረግ መታወቂያ ሆኖ አገልግሏል።

የቀድሞው ሽልንግም ያለ ማዕከላዊ ባንክ መገበያያነቱን አላጣም። ሆኖም የጦር አበጋዞችና ነጋዴዎች ውጭ አገር እያሳተሙ ስላስገቡት ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ ትልቁ ኖት እንኳ ከማሳተሚያ ወጪው ብዙም የማይበልጥ ሆነ። ዶላር ያለው ነጋዴ ጉዳቱ አልከበደውም። የተጎዳው በሽልንግ የሚሸጥና የሚሸምተው ድሃ ነበር።

የሽማግሌው ዳኝነት

ሰው ሰውን ሲገድልስ? ሶማሌዎች “ሔር” የሚሉት የቆየ ባህላዊ ሕግ አላቸው። ወንድ ሁሉ የደም ካሣ አብሮ የሚከፍልና አብሮ የሚቀበል የዘመዳሞች ማኅበር ውስጥ ይገባል። እድር ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ ይህ ማኅበር ለደም ያዋጣል። የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የቀድሞ ፍርዶችን እየጠቀሱ፣ ቀናትም ቢፈጅ ይከራከራሉ። በልማዱ የአንድ ወንድ ካሣ 100 ግመል ሲሆን የሴት ግን 50 ነው። አንድ ጎረምሳ ለሚያጠፋው ጥፋት ዘመዶቹ ሁሉ ስለሚከፍሉ፣ ገና ሳያጠፋ የሚገሥጹትም እነሱ ናቸው። ወህኒ ቤትና ፖሊስ በሌለበት ስንት ደም ያስቀረ ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱን የሚያስፈጽመው ከጀርባው ያለው ክንድ ነው። ዘመደ ብዙው ካሣውን ይቀበላል፤ እንደ ባንቱዎችና እንደ ጋቦዬዎች ያሉት በቁጥር ያነሱና የተናቁ ወገኖች ግን ቢረቱ እንኳ የሚያስከፍልላቸው የለም። ሴት ስትደፈር ጉዳዩን የሚጨርሱት የሁለቱ ወገን ወንዶች ናቸው። ካሣው የሚሄደው ለዘመዶቿ ነው፤ እሷን ለደፈራት ሰው መዳርም እንደ ዕርቅ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

የሔር ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው በ1992ቱ ረሃብ ነው። በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል ያለው መሬት የአገሪቱ ጎተራ ነው። እዚያ የሚያርሱት ራሃንዌይኖችና ባንቱዎች ግን መሣሪያ አልነበራቸውም። ታጣቂዎች እየተፈራረቁ እህላቸውን ዘረፉ፣ ከብታቸውን ነዱ። የአካባቢው ከተማ ባይደዋ “የሞት ከተማ” ተባለች። በዚያ ረሃብ ወደ 300 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ድርቅ ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ደክሞ ባመረተበት አገር ረሃብ በዚህ ልክ የከፋው ምርቱ ስለተዘረፈ ነው። ሊሰን ተሻሻሉ ያላቸው መለኪያዎች የአማካይ ሰው መለኪያዎች ናቸው። አማካዩ እነዚህን ገበሬዎች አያሳይም።

ነጋዴውም ሕግ አማረው

ያለ መንግሥት በመኖር ያተረፉት እንኳ ኑሮው አልበቃቸውም። ሞቃዲሾ ውስጥ ታጣቂ ሁሉ ኬላ ዘርግቶ ቀረጥ ይለቅም ስለነበር፣ የተማረሩ ነጋዴዎች የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችንና ታጣቂዎቻቸውን በገንዘብ ደገፉ። ፍርድ ቤቶቹ በሰኔ 2006 ከተማዋን ሲይዙ ኬላዎቹ ተነሡ፤ በዓመቱ መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር ገብቶ ከሥልጣን አስወጣቸው። ተከትሎ የመጣው የዓመታት ጦርነት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ለጥያቄያችን የሚበጀው ግን ነጋዴው ከኪሱ አውጥቶ ሕግ ለመግዛት መገደዱ ነው።

በ2000 ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው የከብት በሽታ ሲነሣ ሳዑዲ ዓረቢያ የሶማሌ በጎችና ፍየሎች እንዳይገቡ አገደች። እገዳው እስከ 2009 ዘለቀ። አርብቶ አደሩ ጤነኛ በግ ነበረው፤ “ይህ በግ ጤነኛ ነው” ብሎ ማኅተም የሚያሳርፍና ማኅተሙም ባሕር ማዶ የሚታመንለት መንግሥት ግን አልነበረውም።

ሽማግሎቹ የመረጡት

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ የሰሜኑ ታሪክ ነው። ሶማሌላንድ በግንቦት 1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ገጠማት። በ1993 በቦራማ ከተማ 150 የጎሣ ሽማግሎች ለወራት ተቀመጡ፤ ቀለባቸውን በአብዛኛው የሸፈነው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። ሞሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ፣ ለሽማግሎችም በሕግ የታወቀ ምክር ቤት አቆሙ። ነጋዴዎች ለኢጋል ገንዘብ አበደሩ፤ የበርበራ ወደብ ቀረጥ ሰበሰበ፤ ታጣቂው ቀስ በቀስ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ። በ2003ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ አሕመድ ሲላንዮ በ80 ድምፅ ተሸነፉ ሲባሉ ጠመንጃ አላነሡም። በ2010 አሸነፉና ተቀናቃኛቸው ፕሬዚዳንት ዳሂር ሪያሌ ሥልጣኑን በሰላም አስረከቧቸው።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ኢጋል ከተመረጡ በኋላም ጦርነት አገርሽቷል፤ የሽማግሎቹ ምክር ቤት ምርጫ ሳይደረግለት ዘመኑን ሲያራዝም ኖሯል፤ በ2023 ላስ አኖድ ከተማ ላይ ብዙ ደም ፈስሷል። ያም ሆኖ ያለ መንግሥት መዳኘትን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚያ ሽማግሎች፣ ምርጫው በእጃቸው በነበረ ጊዜ መንግሥት ማቋቋምን መርጠዋል። ሔር እስከ የት እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚያቆም ያውቁ ነበርና።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ሥርዓት ከመንግሥት ይቀድማል፤ ሰው ገበያውን፣ ዕርቁንና መተማመኑን ራሱ ይሠራል፤ ያንን የሚያፈርስ መንግሥት ለመኖሩ ምክንያት የለውም። ነገር ግን ዘመድ፣ ገንዘብና ጠመንጃ የሌለውን ሰው የሚጠብቅ ተቋም ያለ መንግሥት አልተገኘም። በእኛም አገር ልጁ መንገድ ላይ ታግቶበት፣ ቤዛ የሚሆን ከብቱን ሸጦ “የመንግሥት ያለህ!” የሚል አባት ይህን ለማወቅ የፈላስፋ መጽሐፍ አያሻውም። ማንኛውም መንግሥት መመዘን ያለበት በሠራው ሕንፃና ባስነጠፈው አስፋልት ሳይሆን፣ ለዚህ አባት በሚሰጠው መልስ ነው።