ፖርታባጋጅ ውስጥ ያልተረሳ ሙያ

ኃይሉ መርጊያን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዋልያስ ባንድና በሂልተን ምሽቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆነው አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሙግ ሲንተሳይዘር ጋር አዋህደው፣ ሁሉንም ራሳቸው ተጫውተው «ሸመንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት አወጡ። ኋላ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ኪቦርዳቸውን ግን ፖርታባጋጅ ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ጣቶቻቸው ዝግጁ ነበሩ፤ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አስከተሉ።

እዚህ ልደታም ጡረታ ሲወጡ ክራራቸውን ቁም ሳጥን ላይ የሰቀሉ አባቶች አሉ። በነርስነት ዘመኔ እንዳየሁት፣ ሥራ የፈታ እጅ ቶሎ ይተሳሰራል፤ ልብም ይከተለዋል። ልጆች፣ ክራሩን አውርዱላቸው። የልጅ ልጅም በስልኩ ይቅረጽ፤ አያት ያስተምር።