ከሥልጠናው የሚያስወጣው ሐሳብ

በእንግሊዝና በዌልስ ፍርድ ቤት ጥፋተኛን ወህኒ ከማውረድ ይልቅ፣ ቤቱ እያደረ በፕሮቤሽን መኮንን ክትትል የተሐድሶ ሥልጠና እንዲወስድ ሊያዝዝ ይችላል። ፈር ከቀደዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 በዌልስ፣ ሚድ ግላሞርጋን የተጀመረው ሙከራ ነው። በካናዳ በእነ ሮበርት ሮስ የተቀረጸውን ሥልጠና መሠረት አድርጎ፣ ጥፋተኞች በቡድን ተቀምጠው ቆም ብሎ ማሰብንና ነገርን በሌላው ዓይን ማየትን ይለማመዱ ነበር።

ጣጣው ብዙዎች እንዲህ ያለውን ሥልጠና ሳይጨርሱ መቅረታቸው ነው። ማርክ ኦልቨርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በእስር ቤትም በውጭም የተደረጉ 114 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በአማካይ 27 ከመቶ ያህሉ ጥፋተኞች ሥልጠናውን ማቋረጣቸውን አገኙ። የቤት ውስጥ ጥቃት ላደረሱ በተዘጋጁት ሥልጠናዎች ቁጥሩ 38 ከመቶ ይጠጋል። ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ደግመው የማጥፋት ሥጋታቸው ከፍ ያለው፣ ሥልጠናው በጣም የሚያስፈልጋቸው፣ የማቋረጥ ዕድላቸውም የሰፋ መሆኑ ነው።

ለማቋረጡ ሥራ አጥነትና የትምህርት ማነስ ድርሻ አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ግን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ግሌን ዋልተርስ ከወንጀል ጋር ያያዛቸው ስምንት የአስተሳሰብ ልማዶች ናቸው። ጥፋትን በሌላ ማላከክ፣ «ይገባኛል» ማለት፣ ሌላውን ካልተቆጣጠሩ አለማረፍ፣ «እኔን ማን ይዞኝ!» የሚል ትምክህት፣ ለማሰብ መስነፍ፣ የጀመሩትን ዳር አለማድረስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እስቲ እነዚህን ይዞ ሥልጠና የገባን ሰው አስቡት። አሠልጣኙ ሲያርመው የተደፈረ ይመስለዋል። የቤት ሥራው ይሰለቸዋል። ሰኞ ከልቡ የገባውን ቃል ሐሙስ አያገኘውም። ሥልጠናው ሊያክመው የመጣው ሕመም ራሱ ከበሩ ያስወጣዋል።

በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አቋራጮቹ ሥልጠናውን ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ዳግም ተፈርዶባቸዋል። ሥልጠናው አባሰባቸው ብዬ ግን አልደመድምም፤ ለማቋረጥ የቀረበ ሰው መጀመሪያውኑ ለወንጀልም የቀረበ ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት አንድ ጊዜ የቀረን ያስጠነቅቃል፤ በ12 ወር ውስጥ ከደገመ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊመለስ ይችላል። ፍርድ መከበር አለበት፣ አልከራከርም። ሆኖም ቀጠሮ ማክበር ለብዙዎቹ ገና የሚማሩት ነገር ሆኖ ሳለ፣ እንደ መግቢያ ፈተና ተጠይቀውበታል። ከዋናው ሥልጠና በፊት ጥቂት ሳምንታት በዚሁ ላይ ብቻ ቢሠራ፣ ሠልጣኙ ሊቀር የሚችልበትን ቀን አሠልጣኙ አስቀድሞ ከራሱ ከሠልጣኙ ጋር ቢመክርበት ይሻላል እላለሁ።