ካርቱም ለመሄድ ያሰበ ሰው ከሙዚየሙ ይጀምር

ካርቱም ስኖር ከጎንደር በመተማና በገዳሪፍ አድርጎ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ምክሬ አንድ ነበር፤ ጧቱን ለሙዚየም፣ ቀትሩን ለዕረፍት፣ ማታውን ለአባይ ዳር። በዚያ ሙቀት በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ልይ ያለ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ጧት የብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። በአባይ ዳር ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ገና ከግቢው ያስደንቃል። የአስዋን ግድብ ውኃ የኑብያን ምድር ሊውጥ ሲል የቡሄን፣ የሰምና፣ የኩማና የአክሻ ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው እየተፈታ ካርቱም ገቡ፤ ጀርመናዊው የሕንፃ ባለሙያ ፍሪድሪኽ ሂንክል በሙዚየሙ አትክልት ቦታ መልሶ አቆማቸው። በመካከላቸው አባይን የሚመስል የውኃ ቦይ ተሠርቷል። የቡሄኑን ያሠራችው የግብፅ ንግሥት ሐትሸፕሱት ናት። ወራሿ ሦስተኛው ቱትሞስ ምስሏን አስፍቆታል፤ ግድግዳው ላይ ጠጋ ብሎ ላየ ፍቁ ይታያል።

እኔ ግን እንግዶቼን የማቻኩለው ወደ ላይኛው ፎቅ ነበር። ፋራስ የምትባለው የኑብያ ከተማ ካቴድራል ለዘመናት አሸዋ ሞልቶት ኖሯል። በካዚሚዬዥ ሚኻውፍስኪ የተመሩ የፖላንድ የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ከ1961 እስከ 1964 ሲቆፍሩት ከ120 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ወጡ፤ የተነሡት ሥዕሎች ለካርቱምና ለዋርሶ ተከፈሉ። አንድ ጊዜ አክስቴን ይዣት ሄድኩ። ማንበብ አትችልም፤ ዐረብኛም አታውቅም። በእሳት መካከል የቆሙ ሦስት ወጣቶችና ክንፉን የዘረጋ መልአክ ፊት ስትደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። “ሠለስቱ ደቂቅ!” አለችኝ፤ “ልጄ፣ እነዚህ እኮ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው።” በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ታሪካቸውን ስትሰማ የኖረች ሰው አስረጂ ምን ያደርግላታል? ሰፋፊዎቹን ዓይኖች ስታይ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ትዝ ይልሃል። ኑብያውያን ክርስቲያኖች ከእኛ ጋር ድንበር ብቻ ሳይሆን ሃይማኖትም ይጋሩ እንደነበር ከዚያ ግድግዳ በላይ የነገረኝ መጽሐፍ የለም።

ዐርብን ከአባይ ማዶ ላለችው ለኦምዱርማን ማስቀመጥ ነው። የኸሊፋው ቤት ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ለእኛ ከባድ ቤት ነው፤ በ1889 መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁት ከዚህ ቤት ባለቤት ከማህዲስቶቹ መሪ ከኸሊፋ አብዱላሂ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። ቢከብድም መታየት አለበት ባይ ነኝ፤ የጠላትን ታሪክ በገዛ ቤቱ መስማት ራስን ማወቂያ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሼኽ ሐመድ አል ኒል መቃብር አጠገብ አረንጓዴና ቀይ የለበሱ ደርቪሾች በከበሮ ዚክር ያደርጋሉ። ጫማህን አውልቅ ሲሉህ ማውለቅ፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት መጠየቅ ነው።

ዘመናዊ ሥዕል የሚወድ ደግሞ የካርቱም ትምህርት ቤት የሚባለውን እንቅስቃሴ ይዞ ይሂድ። ኢብራሂም ኤል ሳላሂ በ1930 ኦምዱርማን ተወልዶ የዐረብኛን ፊደል ከአፍሪካ ቅርጾች ጋር ያጋባ ሠዓሊ ነው፤ በ2013 ለንደን የሚገኘው ቴት ሞደርን ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶለታል። ማታ ማታ ከዴም ሠፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብቶ እራት፣ ከዚያ ሙግረን ላይ ከጣና የመጣው አባይ ከነጩ ጋር ሲገናኝ ማየት ነው።

ይህን ዕቅድ ዛሬ ተነሥተህ ፈጽመው ልል አልችልም። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በሰኔ ከጦሩ ጋር የሚዋጉት ታጣቂዎች ሙዚየሙን ያዙት። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ሲይዝ የወርቅ ክፍሉ ባዶውን ተገኘ። በጠንካራ ድንጋይ የተቀረጸው የንጉሥ ታሃርቃ ሐውልት ግን ሊሸከሙት ስላልቻሉ ይመስለኛል፣ ከቦታው አልተነቀነቀም። ይህን ስሰማ ያዘንኩት ቤቴ እንደተዘረፈ ሰው ነው።

ሰላም እስኪመለስ አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ዋርሶን ያስብ። በከተማዋ ብሔራዊ ሙዚየም ከ60 በላይ የፋራስ ሥዕሎች አሉ፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ያደረገችው ቅድስት ሐናም እዚያው ናት። ግማሽ ቀን መመደብ አይበዛም። በመተማ በኩል የምትነግዱ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የጥንት ሐውልት፣ ዶቃ ወይም የሸክላ ዕቃ ነው ብሎ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትግዙት፣ አታሻግሩለት። ዩኔስኮም በመስከረም 2024 የዓለምን የቅርስ ነጋዴዎችና ሰብሳቢዎች የጠየቀው ይህንኑ ነው። ገዢ ያጣ ዕቃ ወደ ሙዚየሙ የመመለስ ዕድል ይኖረዋል።