ወደ ዝዋይ የወይን እርሻ የሚደረግ የቅምሻ ጉዞ እንዴት ይታሰባል?

እያንዳንዱ አገር መሬቱ ካበቀለለት ፍሬ መጠጡን ያዘጋጃል። የኖርማንዲ ገበሬ ከፖም፣ በካምፓላ ዙሪያ ያለው የቡጋንዳ ገበሬ ከሙዝ ቶንቶ የተባለውን መጠጥ ይጠምቃል፤ የኢትዮጵያም ሕዝብ ከማርና ከጌሾ ጠጁን ሲጥል ኖሯል። የወይን ፍሬም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነውና። ስለዚህ የወይን ጠጅን ጣዕም ለይቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ውጭ አገር መሻገር ሳያስፈልገው፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የአንድ ቀን ጉዞ ቢያደርግ ብዙ ትምህርት ያገኛል። ነገር ግን ጉዞው አስቀድሞ በሚገባ የታሰበ መሆን አለበት።

የስፍራው ሁኔታ

በኢትዮጵያ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት በተባሉት ምርቶቹ ስሙን አትርፏል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ በዝዋይ፣ በአሁኑ መጠሪያዋ በባቱ ከተማ አጠገብ የወይን እርሻ አቋቋመ። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዚህ ስፍራ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉት ዝርያዎች በ120 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ተተከሉ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስም እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ቀረበ። ከፍታው 1,600 ሜትር ያህል በመሆኑ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አሸዋማው አፈርም ውሃ አይቋጥርም። ፍሬውን ከጅብ፣ ከጉማሬና ከዘንዶ ለመጠበቅ በእርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ መቆፈሩ ለጎብኚው የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

በአውሮፓ ወይን በክረምቱ ቅዝቃዜ ያርፋል፤ መከሩም በዓመት አንድ ጊዜ በታወቀ ወራት ይደርሳል። በሞቃት አገር ግን ተክሉን የሚያሳርፈው ቅዝቃዜ ስለሌለ፣ ዕረፍቱን የሚወስንለት ገራዡ ነው። ተክሉ ከተገረዘ በኋላ አቆጥቁጦ፣ አብቦ፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ፍሬው ይበስላል። እንግዲህ ተጓዡ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ወደ ድርጅቱ ጽፎ ወይም ስልክ ደውሎ፣ ፈቃድ ማግኘትና ተክሉ መቼ እንደተገረዘ መጠየቅ ይገባዋል። በመከር ሰሞን የደረሰ ሰው ቀዩ ወይን ጠጅ ከነልጣጩ እንደሚብላላ፣ ነጩ ግን አስቀድሞ ተጨምቆ ጭማቂው ብቻ እንደሚጠመቅ በዓይኑ ያያል።

የውሃው ነገር

በዚህ ጉዞ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ውሃ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከቀጠር ወንዞች ውሃ ይቀበላል፤ የተረፈውንም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሰዳል። ዝዋይ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዙ መስኖ ሲሳብበት ጉዳቱ ፈጥኖ ይታወቃል፤ አብያታም ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። በሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የአበባ እርሻውና የከተማው ነዋሪ ሁሉ በዚሁ ውሃ ይኖራሉ። ስለሆነም አስተዋይ ጎብኚ ውሃው ከየት እንደሚሳብ፣ ተክሉ በቦይ ወይስ በጠብታ መስኖ እንደሚጠጣ፣ የመጥመቂያው እጣቢ ወዴት እንደሚፈስ ይጠይቃል። ገበሬው በጥቂት ውሃ ብዙ ማምረትን፣ ባለሥልጣኑም ለሁሉ የሚበቃ የውሃ ድልድል ማበጀትን የሚማረው ከዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

የቀኑ ሥርዓት

በማለዳ መነሣት ይሻላል። ቱሉ ጉዶ በተባለችው ደሴት ላይ ያለውን ጥንታዊውን የደብረ ጽዮን ገዳም መሳለም የሚፈልግ ሰው፣ ይህን ከቅምሻው በፊት ይፈጽም። የጀልባው መንገድ ረጅም ስለሆነ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ከማጣደፍ በከተማው ማደር ይመረጣል። በቅምሻ ጊዜ ከደረቁ ነጭ ተነሥቶ ወደ ቀዩ፣ በመጨረሻም ወደ ጣፋጩ መሄድ ደንብ ነው፤ ጣፋጩ ከቀደመ የሌላውን ጣዕም ይሸፍነዋልና። በየመካከሉ ውሃና ዳቦ መቅመስ፣ የቀመሱትንም መትፋት ነውር አይደለም። ከሐይቁ የወጣ የቆሮሶ ጥብስም ከነጩ ወይን ጋር ይስማማል። መኪናውን የሚነዳው ሰው ግን ፈጽሞ መቅመስ የለበትም፤ የሞጆ መንገድ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነውና።

እንዲህ ታስቦ የተደረገ ጉዞ ከመዝናናት ያለፈ ጥቅም አለው። አንድ ብርጭቆ የወይን ጠጅ የአፈር፣ የውሃና የሰው ድካም ውጤት መሆኑን የተረዳ ሰው፣ መጠጡን በልክ ይጠጣል፤ ለሐይቁም መጠበቅ ተቆርቋሪ ይሆናል።