ድንኳን ያልተጣለለት ሀዘን፡ የስነ ልቦና ህክምና ለግለሰብና ለጥንዶች

በሀገራችን ሀዘን የብቻ ጉዳይ አይደለም። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ ሰልስቱ እስኪወጣ ከሀዘንተኛው አጠገብ አይለይም። ይህ ስርዓት ለዘመናት የብዙዎችን የልብ ስብራት ሲጠግን የኖረ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ድንኳን የማይጣልላቸው ሀዘኖችም አሉ። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ጨቅላ፣ የፈረሰ ትዳር፣ በሰው ሀገር በአሰሪ እጅ የደረሰ በደል፣ በልጅነት የተፈጸመ ጥቃት ለቀስተኛ አይጠራላቸውም። የደረሰባቸው ሰዎች "ሆድ ይፍጀው" ብለው ይዘዋቸው ይኖራሉ።

ሆድ ግን ሁሉንም አይፈጅም። የታመቀው ስሜት በእንቅልፍ ማጣት፣ በማይለቅ ራስ ምታት፣ በትንሽ ነገር በመቆጣት ወይም ከሰው በመሸሽ ይገለጣል። ብዙዎች ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱትም ራሳቸውን ወይም ጨጓራቸውን ስላመማቸው እንጂ ልባቸው ስለተሰበረ አይደለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ብሂል ለዚህ አይነቱ ህመም በእጅጉ ይስማማል።

የስነ ልቦና ህክምና በንግግር የሚሰጥ ህክምና ነው። በአማርኛ "የምክር አገልግሎት" መባሉ ትርጉሙን ጥቂት ሳያዛባው አልቀረም፤ ባለሙያው እንደ ታላቅ ወንድም "እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ" ብሎ የሚመክር የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። በተግባር ግን ታካሚውና ባለሙያው ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተገናኙ ህመሙን የሚያባብሰውን አስተሳሰብና ልማድ አብረው ይመረምራሉ።

ለአብነት ያህል ጨቅላ ልጇን በሞት ያጣች አንዲት እናትን እናስብ። ጎረቤቶቿ "ልጅ ይተካል፣ አታልቅሺ" ብለዋታል። እርሷ ግን በልቧ "በእርግዝናዬ ወራት ውሃ ባልሸከም ኖሮ ልጄ አይሞትም ነበር" እያለች ራሷን ትከሳለች። አሜሪካዊው የአእምሮ ሀኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀየሱትን የአስተሳሰብና የባህሪ ህክምና የሚከተል ባለሙያ "ራስሽን አትውቀሺ" ብሎ አያልፋትም። ሀኪሞች ስለ ልጁ ሞት ምን እንዳሏት፣ ያው ነገር በእህቷ ላይ ቢደርስ ምን እንደምትላት ይጠይቃታል። እናቲቱ በራሷ ላይ የፈረደችውን ፍርድ በራሷ አንደበት ትመረምራለች። ቀስ በቀስም ታጥፎ የተቀመጠውን የሕፃኑን ልብስ ለማየት፣ ትታው ወደነበረው የቡና ማህበር ለመመለስ ትበቃለች። ሀዘኑ አይጠፋም፤ ክሱ ግን ይቀላል።

እንዲህ ያለው ህክምና የሀብታም ሀገር ቅንጦት አለመሆኑን ያሳየችው አፍሪካዊቷ ዚምባብዌ ናት። የአእምሮ ሀኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሀራሬ የጀመሩት "የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር" የተሰኘ አገልግሎት፣ በአካባቢው የሚታወቁ አያቶች ሰልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በተቀመጠ የእንጨት ወንበር ላይ ታካሚዎችን በየተራ የሚያነጋግሩበት ነው። በሾና ቋንቋ ህመሙ "ኩፉንጊሲሳ" ይባላል፤ "ሀሳብ ማብዛት" እንደማለት ነው። በ24 ጤና ጣቢያዎች፣ በ573 ሰዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው አገልግሎቱን ካገኙት መካከል 13.7 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ክትትል ካገኙት ግን 49.9 በመቶ ነበሩ።

ህመሙ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ሲሆንስ? ወደ እናቲቱ እንመለስ። ባለቤቷ ከልጁ ሞት በኋላ ዝምተኛ ሆኗል፤ አምሽቶ ይገባል። እርሷ "አንተ ምን ገዶህ" ትላለች፤ እርሱ ይበልጥ ይሸሻል፤ እርሷም ይበልጥ ትወቅሳለች። ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ያዳበሩት ስሜት ተኮር የጥንዶች ህክምና ትኩረቱ በዚህ አዙሪት ላይ ነው። ባለሙያው ጥፋተኛውን አይፈልግም። ከወቀሳዋ ስር "ብቻዬን ቀረሁ" የሚል ፍርሃት፣ ከዝምታው ስር ደግሞ "እኔ ካለቀስኩ ቤቱ ይፈርሳል" የሚል ሸክም እንዳለ ሁለቱ እርስ በርስ እንዲሰማሙ ይረዳቸዋል። ባል ለመጀመሪያ ጊዜ በሚስቱ ፊት ስለ ልጁ የሚያለቅሰው እዚህ ሊሆን ይችላል።

"ለዚህማ ሽማግሌ አለን" የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ትክክልም ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ህግም የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን እንዲያነጋግር፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት እንዲስማሙ ሊያደርግ እንደሚችል፣ ካልሆነም ከሶስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ደንግጓል። ሆኖም የሁለቱ ስራ ይለያያል። ሽማግሌ የተጣሉትን አስታርቆ፣ ያጠፋውን ገስጾና ክሶ ጉዳዩን ይዘጋል። የጥንዶች ህክምና ደግሞ ጠቡ ለምን እንደሚደጋገም ይመረምራል። በተጨማሪም ባልና ሚስት በአጎትና በንስሀ አባት ፊት አፍረው የሚተዉትን ጉዳይ፣ በተለይ የመኝታ ቤት ጉዳይን፣ ለማያውቁትና ሚስጥር ለመጠበቅ ግዴታ ላለበት ባለሙያ መናገር ሊቀላቸው ይችላል።

ሳይጠቀስ የማይታለፍ ጥንቃቄ አለ። ዱላና ዛቻ ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር አደገኛ ነው። ሚስት በባለሙያው ፊት የተናገረችው እውነት ቤት ስትገባ ሊያስደበድባት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገውና ቡታጅራን ባካተተው ጥናት፣ በአካባቢው ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት በአጋራቸው እንደደረሰባቸው መግለጻቸው ጉዳዩ የጥቂቶች አለመሆኑን ያሳያል። ስለሆነም ጠንቃቃ ባለሙያ ጥንዶችን ከመቀበሉ በፊት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያነጋግራል። ጥቃት ካለ ቀዳሚው ጉዳይ የተጠቂዋ ደህንነት ነው።

ራስን የማጥፋት ሀሳብ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አይኖርበትም፤ ሳይዘገይ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳሉ ተቋማት ወይም በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ጸበል የሚከታተሉም ቢሆኑ ህክምናውን ጎን ለጎን ለመከታተል የሚያግዳቸው ነገር የለም።

በሀገራችን የስነ ልቦና ባለሙያ በየቦታው አይገኝም፤ አገልግሎቱ በአመዛኙ በትልልቅ ከተሞች የተወሰነ ነው። ባለሙያ ያገኘ ሰው የትምህርት ደረጃውንና የስራ ፈቃዱን መጠየቅ መብቱ ነው። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ለውጥ ካልታየም ይህንኑ በግልጽ መናገር ወይም ሌላ ባለሙያ መሞከር ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው እንቅፋት ግን ከጥንዶቹ አንዱ፣ አዘውትሮም ባል፣ "ገበናዬን ለባዳ አላወጣም" ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሌላኛው ብቻውን መጀመር ይችላል። አንዱ የሚናገርበትን መንገድ ሲለውጥ የሌላው አመላለስም መለወጡ የተለመደ ነው፤ ቀርቶ የነበረው የትዳር አጋርም ከሳምንታት በኋላ ተከትሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ።