ጌታ የማይቆጣበት ጨዋታ

ጥሩ የገና ተጫዋች ኳሷን መሬት ለመሬት ይነዳታል። ወደ ላይ ካጎናት የሚቆጠረው ግብ ሳይሆን ጥርስ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ የያዙ ጎልማሶች አንዲት ጠንካራ ኳስ ሲሻሙ ቅልጥምና ቁርጭምጭሚት መጎዳቱ የተለመደ ነው። የሚገርመው ጉዳቱ ሳይሆን ተጎጂው ነው። በድሮው ጊዜ ሎሌ በዚያ መስክ ላይ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው ጌታው እያነከሰም ቢሆን ዝም ማለት ነበረበት። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም፤ አባባሉን ሁሉ ያውቀዋል፣ ጨዋታውን ግን በዓይኑ ያየው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ለዱላው እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ይመረጣል፤ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ በእሳት እየተለበለበ ይቆለመማል። ኳሷ ጥንግ ትባላለች፣ ሩር የሚሏትም አሉ። ከእንጨት ተጠርባ ትድቦለቦላለች፤ ከቆዳ የምትሠራም አለች። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሰፊ መስክና ሰው ብቻ ነው። ቡድን አባቶቹ ሰው ይከፋፈላሉ፣ ወይም የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል። ጥንጓ መሐል ላይ ትቀመጥና ሁለቱም ወገን ወደ ተቃራኒው ዳር ሊያሳልፏት ይታገላሉ። በገጠሩ ልማድ ተጫዋች በቁጥር አይወሰንም፤ ዘግይቶ የደረሰ ዱላውን ይዞ ወደሚያደላበት ወገን ይገባል። ሰዓት የሚይዝም የለም። ጀምበር ራሷ ታፏጫለች።

ወቅቱም የተመቸ ነው። ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ሲደርስ አዝመራው በአብዛኛው ተሰብስቧል፣ ማሳው ባዶ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው የነቢያት ጾም ተፈትቶ ሥጋውም ጠላውም ቀርቧል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት ዱላ ተጫውተው ደስታቸውን ገለጹ የሚለው ትውፊትም ጨዋታውን ከበዓሉ ጋር ያስተሳስረዋል። ከእረኛ የተጀመረ ነው ከተባለ በኋላ መኳንንቱ ሲገቡበት ማዕረጋቸውን ከመስኩ ዳር ማስቀመጣቸው ተገቢ ይመስላል።

አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል። ይህ የጨዋታው ጭራ ሳይሆን ግማሽ አካሉ ነው። ስድቡ ትልቅ ሰው አይመርጥም፤ በሌላ ቀን ቢነገር ለዳኛ የሚያቀርብ ቃል በዚያን ቀን በሳቅ ያልፋል። ዱላው ጉልበትን፣ ግጥሙ ደግሞ አንደበትን ለአንድ ቀን ነጻ ያወጣሉ።

በዱላና በኳስ የሚጫወቱ ሕዝቦች ብዙ ናቸው፤ ስለ ማዕረግ የገናን ተቃራኒ ያደረጉት ግን እንግሊዞች ናቸው፣ በክሪኬት ጨዋታቸው። ክሪኬት በእኛ አገር ሥር አልሰደደም። በአጭሩ ለመናገር፣ አንዱ ወገን በቆዳ የተለበጠች ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ወገን ሰው ደግሞ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በጠፍጣፋ ዱላ ይከላከላል፤ በየቡድኑ 11 ሰው አለ። ዛሬ በእንግሊዝ የመጠጥ ቤት ደንበኞችና እዚያው የሚሠሩት አስተናጋጆች ለወዳጅነት ቢገጥሙ ማንም አይደነቅም። ወደ ኋላ ሲኬድ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1806 ጀምሮ «ጨዋዎች» ከ«ተጫዋቾች» ጋር የሚገናኙበት ታዋቂ ግጥሚያ ነበር። ጨዋዎቹ ለደስታቸው የሚጫወቱ ባለርስቶችና የተማሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ተጫዋቾቹ ለክፍያ የሚጫወቱት ናቸው። አንድ ሜዳ ላይ ቢውሉም ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል፣ በብዙ ሜዳዎችም የሚገቡበት በር ለየብቻ ነበር። በውጤት ወረቀቱ ላይ እንኳ የጨዋው ስም መነሻ ፊደላት ከቤተሰብ ስሙ ፊት ይቀመጣሉ፣ የተከፋዩ ግን ከኋላ። የወጣቱ ባለሙያ የፍሬድ ቲትመስ ፊደላት በስሕተት ከፊት ታትመው ስለነበር የሎርድስ ሜዳ አስተዋዋቂ በድምፅ ማጉያ ያረመው ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ግጥሚያው የቆመው ልዩነቱ በተሻረበት በ1962 ነው፤ 156 ዓመት መሆኑ ነው። እንግሊዞቹ በአንድ ሜዳ እየዋሉ ማዕረጋቸውን ይዘው ገቡ፣ ይዘው ወጡ። የኛ መኳንንት ደግሞ ከሜዳ ውጭ ማዕረጋቸውን ሳያላሉ፣ ሜዳ ውስጥ ግን ቅልጥማቸውን ሰጡ። የትኛው እንደሚሻል አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ግን የገናው እኩልነት ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑን አልዘነጋም። በማግስቱ ሎሌው ያው ሎሌ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወሎ ገናን የሚያውቀው ከሁሉ በላይ በላሊበላ ነው፤ ታኅሣሥ 29 የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ተብሎ ስለሚከበር ካህናቱ በቤዛ ኩሉ ዝማሬ ቀኑን ያደምቁታል። ጨዋታው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ውጭ ያለ የመስክ ነገር ነው፤ ማተብ አይጠይቅም። በበዓል ቀን ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የታረደ ለይቶ ለሚያዘጋጅ የደቡብ ወሎ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተንጠለጠለች ከተማ ናት፤ ጥንግ የሚነዳበት ደልዳላ ቦታ ከፈለጉ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ 20 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ ወደሚያልፍበት ወደ ኮምቦልቻ መሄድ ነው። ያ ሜዳ ግን ባለቤት አግኝቷል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ ደልዳላ መሬት ነው። ከተማዋ የደንብ ልብስና የፈረቃ ከተማ ሆናለች፤ ኳስ ሲባልም የእግር ኳስ ማለት ነው።

ገና ራሱም ደንብ ልብስ ለብሷል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድር መልክ ይዞታል፤ የተጫዋች ቁጥር፣ ሰዓትና ዳኛ ተወስኖለት ክልሎች ይፎካከሩበታል። ባይሆን ኖሮ ከነጭራሹ በጠፋ ነበር፣ ስለዚህ ማማረር አይገባም። ነገር ግን በዕድሜና በልምምድ የተመረጡ ስፖርተኞች እርስ በርስ ሲገጥሙ ጌታም ሎሌም የለም፤ የሚታለፍ ቁጣም አይኖርም።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ ጨዋታውን መሞከር የሚፈልግ ካለ በፋብሪካ ይጀምር እላለሁ፤ የቢሮው ሰው በአንድ ወገን፣ የማሽኑ ሰው በሌላው፣ ወይም የግሮሰሪ ደንበኞች ከአስተናጋጆቻቸው ጋር። ቅልጥም መከላከያ ቢደረግ ነውር የለውም። ሥራ አስኪያጁ ከዳር ሆኖ ዋንጫ ለመስጠት ሳይሆን ዱላ ይዞ መግባት አለበት፤ ሲሸነፍም ግጥሙን እስከ መጨረሻው ቆሞ ይስማ። ዳኛው ብቻ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው እንዳይሆን።